የተበጠሰው ሲቀጠል፦ ጨረራ የሰውን ክሮሞሶም እንዴት ይጎዳል?

(በዱርቤቴ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ጨረራ ነው። ነገሩን ግን ከሆስፒታል ሳይሆን ከዓባይ ቆላ እጀምረዋለሁ። ከቡሬ ወደ ወምበርማ ቆላ የወረደ ሰው ገንዲን ያውቀዋል። በሬው ሣር እየበላ ይከሳል፤ ጠጉሩ ይቆማል፤ ደሙ ይመነምናል፤ በእርሻ ሰሞን ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። በሽታውን የሚያመጣው በደም ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። ከከብት ወደ ከብት የሚያዛውረው ደግሞ የቆላ ዝንብ ነው። በዓባይ ተፋሰስ ሸለቆዎች ግሎሲና ሞርሲታንስና ግሎሲና ታኪኖይደስ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ይገኛሉ።

አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ ውስጥ ዝንቡን ለማጥፋት ሲል ዝንብ የሚያረባ ተቋም አለ። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ሆና በ1990 ዓ.ም. ገደማ የጀመረችው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ፕሮጀክት አካል ነው። ወንዶቹ ዝንቦች ኮባልት 60 ከሚባል ንጥረ ነገር የሚወጣ ጨረራ እንዲያገኛቸው ይደረግና ወደ ቆላው ይለቀቃሉ። ጨረራ ያገኘው ወንድ አይሞትም። ይበራል፣ ሴቷን ፈልጎ ያገኛታል፣ ዘሩንም ያደርሳል። ፅንሱ ግን ገና ከጅምሩ ይጨነግፋል። ሴቷ የቆላ ዝንብ በአብዛኛው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ትገናኛለች፤ እንደ ቤት ዝንብም እንቁላል በብዛት አትጥልም፤ አንድ ዕጭ በሆዷ አሳድጋ ትወልዳለች እንጂ። ስለዚህ አንድ መካን ወንድ የአንዲትን ሴት ዘር ሙሉ በሙሉ ሊያቋርጥ ይችላል። በዛንዚባር፣ ኡንጉጃ ደሴት ላይ ከ8 ሚሊዮን በላይ መካን ወንዶች ተለቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዝንቡ ከደሴቲቱ ጠፍቷል።

ከወምበርማ የመጣ ሰው «ታዲያ ለእኛስ?» ቢል እውነት አለው። መካኑ ወንድ የሚጠቅመው ለራሱ ዓይነት ሴት ብቻ ነው። ቃሊቲ በዋናነት የሚረባው ግሎሲና ፓሊዲፐስ የተባለው የደቡቡ ዝንብ ስለሆነ ለእኛ ቆላ አይሆንም። ደሴት ተከቦ ይጸዳል፤ ከሱዳን ድንበር ጀምሮ የተዘረጋ የወንዝ ዳር ቆላ ግን ከወዲያ ማዶ በሚመጣ ዝንብ እንደገና ይሞላል። በእኛ በኩል አሁንም ሥራውን የሚሠሩት ወጥመዱ፣ በከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈሰው ፀረ ዝንብ መድኃኒትና መርፌው ናቸው።

ይህን ያነሣሁት አንድ ጥያቄ ስለሚያስነሣ ነው። ያ ወንድ ዝንብ ሕያው ሆኖ ሳለ ዘሩ ለምን ሞተ? በጨረራው የተሰበረው በዘሩ ውስጥ ያለው ክሮሞሶም ስለሆነ ነው። በእኛ ገላ ውስጥም በራጅ ክፍል፣ በጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና ክፍልም ሆነ በሂሮሺማ የሆነው በመሠረቱ ይኸው ነው። የሚለያየው መጠኑ፣ ፍጥነቱና የተመታው ሴል ዓይነት ነው። ሦስቱን ለይቶ ያወቀ ሰው ጨረራን በልኩ ይፈራል፤ በልኩም ይጠቀምበታል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው።

የሰው ገላ በሴሎች የተሠራ ነው። በአብዛኞቹ ሴሎች ውስጥ አስኳል አለ፤ በአስኳሉ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች ይገኛሉ፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። ቁጥሩ 46 መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1956 በታተመ ጥናት ነው፤ ጆ ሂን ጂዮና አልበርት ሌቫን ስዊድን ውስጥ ቆጥረው አሳዩ። ከዚያ በፊት መጻሕፍቱ ሁሉ 48 ይሉ ነበር። አንዱ ክሮሞሶም አንድ ረጅም ዲ.ኤን.ኤ. ነው። የአንድ ሴል ዲ.ኤን.ኤ. ሁሉ ተዘርግቶ ቢቀጣጠል ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተጠቀለለበት አስኳል ግን የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም።

ዲ.ኤን.ኤ.ን በሁለት ፈትል እንደተገመደ ገመድ አስቡት። መሃሉ ላይ አንድ ወገብ አለው፤ ሴንትሮሜር ይባላል። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ገመዱ የሚጎተተው ወገቡ ላይ ተይዞ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ እንዳይፈቱ ተቋጥረዋል፤ ቋጠሮው ቴሎሜር ነው። ከገመዱ አንዱ ፈትል ቢበጠስ ሌላው ይዞት ይቆያል፤ የተበጠሰውም በሌላው ልክ ይጠገናል። ሁለቱም ፈትሎች በአንድ ቦታ ሲበጠሱ ግን ገመዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቋጠሮ የሌላቸው ሁለት ጫፎችም ይወጣሉ። የጨረራ ጉዳት ታሪክ ማለት በአብዛኛው የእነዚህ ቋጠሮ አልባ ጫፎች ታሪክ ነው።

ገመዱን የሚበጥሰው ምንድን ነው? ሁሉም ጨረር አይበጥስም። የብርሃን፣ የሬዲዮና የተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገድ ኤሌክትሮንን ከአቶም ነቅሎ ለማውጣት የሚበቃ ጉልበት የለውም። በየመንደሩ የኔትወርክ ማማ በቆመ ቁጥር የሚነሣውን ወሬ እሰማለሁ፤ የማማው ሞገድ ግን የክሮሞሶምን ማሰሪያ መበጠስ አይችልም። አልትራሳውንድ ድምፅ ነው፤ ኤምአርአይ ማግኔትና የሬዲዮ ሞገድ ነው። የሚበጥሱት ኤክስሬይ፣ ከኮባልት ወይም ከሲዚየም የሚወጣው ጋማ፣ አልፋ፣ ቤታና ኒውትሮን ናቸው።

እነዚህ በሁለት መንገድ ይመታሉ። አንደኛው ቀጥታ ነው፤ ከጨረራው የተፈናጠረ ኤሌክትሮን ዲ.ኤን.ኤ.ውን ራሱን ይመታል። ሁለተኛው በውኃ በኩል ነው። ሴል አብዛኛው ውኃ ነው፤ ጨረራው ውኃውን ሲመታ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ቁራጭ ይወጣል፤ ይህም ዕድሜው ከቅጽበት ያነሰ ቢሆንም ያገኘውን ሁሉ ይቦጭቃል። በኤክስሬይ ከሚደርሰው ጉዳት ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

የጨረራ መጠን የሚለካው በግሬይ ነው። አንድ ግሬይ ኤክስሬይ ያገኘው አንድ ሴል ወደ 1000 የሚጠጋ የአንድ ፈትል መበጠስና ከ35 እስከ 40 የሚሆን የሁለቱም ፈትል መበጠስ ይደርስበታል። አንድ ሺሁ ብዙ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ሴላችን ያለ ምንም ጨረራ፣ ከራሱ ከኑሮው የተነሣ፣ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንዲህ ያለ ትንሽ ጉዳት እየደረሰበት ይጠግነዋል። ጨረራን ልዩ የሚያደርገው ያ ከ35 እስከ 40 የሚሆነው ነው። አንዱ ኤሌክትሮን ጉዞው ሲያልቅ ጉልበቱን በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያራግፍ ሁለቱን ፈትሎች አንድ ላይ ይመታል።

ሴሉ ይህን እያየ ዝም አይልም። ወዲያው መከፈሉን ያቆምና የጥገና ፕሮቲኖችን ይልካል። ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው፣ ክሮሞሶሙ ለክፍፍል ተባዝቶ ከሆነ፣ ከቅጂው እያነበበ በትክክል ይቀጥላል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ያገኛቸውን ሁለት ጫፎች ይዞ ያገናኛቸዋል። በዚህኛው መንገድ የሚጠገነው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ደኅና ይሆናል። ግን ይህ ጠጋኝ የትኛው ጫፍ የየትኛው እንደሆነ አያነብም። በአቅራቢያው የሌላ ክሮሞሶም የተበጠሰ ጫፍ ካለ ከዚያ ጋር ያስረዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የዛሬው ንግግር ልብ ያለው እዚህ ነው። ከመበጠሱ ይልቅ የሚያጠፋው በተሳሳተ መቀጠሉ ነው። ሁለት ክሮሞሶሞች ተበጥሰው ወገብ ያላቸው ክፍሎች እርስ በርስ ቢተሳሰሩ ሁለት ወገብ ያለው አንድ ክሮሞሶም ይወጣል፤ ዳይሴንትሪክ ይባላል። የተረፉት ቁርጥራጮች ወገብ የላቸውም። ሴሉ ሊከፈል ሲነሣ ባለሁለት ወገቡ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጎተትና ክፍፍሉ ይሰናከላል፤ ወገብ አልባው ቁራጭ ደግሞ የሚይዘው ስለሌለ ከአስኳሉ ውጭ ይቀራል። አንድ ክሮሞሶም ሁለቱም ጫፎቹ ተቆርጠው እርስ በርሳቸው ቢያያዙ ቀለበት ይሆናል። እንዲህ ያሉት ሴሎች ብዙዎቹ ሲከፈሉ ይሞታሉ። ሦስተኛው ዓይነት ግን ጸጥ ያለ ነው። ሁለት ክሮሞሶሞች ቁራጭ ተለዋውጠው እያንዳንዳቸው አንድ ወገብ ይዘው ይቀራሉ፤ ትራንስሎኬሽን ይባላል። ይህ ሴል አይሞትም። ይከፈላል፤ ስሕተቱንም ለልጅ ልጆቹ ያወርሳል። ፈሪ ከሆንን መፍራት ያለብን ይህን ነው።

ይህ ሁሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከክንድ ጥቂት ደም ይቀዳል። ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ዝም ብለው የተቀመጡ ስለሆኑ እንዲከፈሉ የሚቀሰቅስ ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም ከቀይ ቦሎቄ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። በገላ ሙቀት 48 ሰዓት ያህል ይቆዩና ክፍፍሉን መሃል ላይ በሚያስቆም መድኃኒት ይያዛሉ። በብርጭቆው ላይ የሚቀባው ቀለም ጊምሳ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ወባን ለማየት የሚጠቀሙበት ያው ጊምሳ። ከዚያ መቁጠር ነው። ጨረራ ባልነካው ሰው ባለሁለት ወገብ ክሮሞሶም የሚገኘው ከ1000 ሴል በአንዱ ገደማ ነው። አንድ ግሬይ በአንድ ጊዜ የተቀበለ ሰው ከ100 ሴሎቹ ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ያሳያል። በ4 ግሬይ በአማካይ ለእያንዳንዱ ሴል አንድ ያህል ይደርሳል።

አሁን ቁጥሩን ልብ በሉት። መጠኑ አራት እጥፍ ሲሆን ባለሁለት ወገቦቹ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኑ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለስሕተት መቀጠል ሁለት የተበጠሱ ክሮሞሶሞች ጎን ለጎን፣ በአንድ ሰዓት መገኘት አለባቸው። መጠኑ ትንሽ ከሆነ የሚበጠሱት ተራርቀው ነው፤ ብቻውን የተበጠሰ ጫፍ ደግሞ የሚያገኘው የራሱን ጓደኛ ነው። ያው መጠን በወራት ተከፋፍሎ ቢመጣም እንዲሁ ነው፤ ሁለተኛው ሳይበጠስ የመጀመሪያው ይጠገናል። በአንድ ጊዜ የሚመጣ ጨረራ ቀስ ብሎ ከሚመጣው ይልቅ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ምርመራ ጥቅም በብራዚል ታይቷል። መስከረም 1980 ዓ.ም. ጎያኒያ በምትባል ከተማ ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ አንድ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ፈቱና ለቆራሌው ሸጡት። ውስጡ ሲዚየም 137 ነበር። በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ዱቄት ዘመድ ጎረቤቱን አስደነቀ፤ ተከፋፈሉት፤ ገላቸውን የቀቡም ነበሩ። 4 ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከ112000 በላይ ሰው ተመረመረ፤ 249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ። ማን ምን ያህል እንደተቀበለ የሚናገር መለኪያ ማንም በደረቱ አልያዘም ነበር። ለሐኪሞቹ የነገራቸው የሰዎቹ የራሳቸው ክሮሞሶም ነው። ደማቸው ተወስዶ ባለሁለት ወገቦቹ ተቆጠሩና ማን በብርቱ መታከም እንዳለበት ታወቀ።

ይህ ዕውቀት የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። ዊልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ዓድዋ ሊደረግ አራት ወር እንኳ አልቀረውም። ጦርነቱ በተደረገ በጥቂት ወራት ውስጥ ኔፕልስ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ሐኪም ከዚያው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በራጅ ፈልጓል። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል የመጀመሪያው እንደነበር ይነገራል። ስለዚህ የዚህ ጨረር ታሪክ ከመነሻው እኛን ይነካል፤ በትምህርት ቤቶቻችን አለመነገሩ ያሳዝነኛል።

በዚያን ጊዜ ጉዳቱን ማንም አያውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የራጅ ባለሙያዎች መሣሪያውን የሚፈትኑት በገዛ እጃቸው ላይ እያበሩ ነው፤ ብዙዎቹ ጣታቸውን፣ ከዚያም ሕይወታቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ኸርማን ሙለር ኤክስሬይ በትናንሽ የፍራፍሬ ዝንቦች ዘር ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ አረጋገጠ፤ በ1946 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ቃሊቲ ያለው ሥራ ሥሩ ይህ ነው።

አሁን ወደ አንድ እንቆቅልሽ ልመለስ። የቆላ ዝንቡ የሚቀበለው መጠን ከ50 እስከ 120 ግሬይ ይደርሳል፤ ሆኖም ይበራል። ሰው ግን መላ ገላው በአንድ ጊዜ 4 ግሬይ ቢያገኝና ሕክምና ባይደርስለት በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ለምን? ያደገ ዝንብ የገላው ሴሎች መከፈል አቁመዋል ማለት ይቻላል። ክሮሞሶማቸው ቢሰበርም ስብራቱ የሚገድለው በመከፈል ሰዓት ስለሆነ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ስብራቱ የሚገለጠው ዘሩ ፅንስ ሆኖ ሲከፈል ነው። የእኛ መቅኔና የአንጀታችን ሽፋን ግን በየሰዓቱ የሚከፈሉ ናቸው። ብዙ ጨረራ ያገኘው ሰው ወዲያው የማይወድቀው፣ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ ደሙ የሚያንሰውና አንጀቱ የሚቆስለው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅ ከሽማግሌ፣ ፅንስ ከልጅ ይልቅ የሚጎዳውም ለዚሁ ነው፤ የሚያድግ ገላ ሴሎቹ ይከፈላሉ።

የጨረር ሕክምናም የቆመው በዚህ ላይ ነው። የካንሰር ሴል ያለ ልጓም ይከፈላል፤ ጥገናውም ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች በቀን 2 ግሬይ ያህል፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት ይሰጣሉ። ደኅናው ሴል በየሌሊቱ ይጠግናል፤ ካንሰሩ ግን ስብራቱ እየተጠራቀመበት ይሞታል። በኢትዮጵያ ይህ ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ገደማ በኮባልት 60 መሣሪያ ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ለአገሪቱ ሁሉ ያለው ማዕከል ይኸው ነበር። የኮባልት ጉልበት በየአምስት ዓመቱ ከሩብ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሽተኛው በመሣሪያው ሥር የሚተኛበት ሰዓትም በዚያው ልክ ይረዝማል፤ ወረፋውም ይረዝማል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከዚህ ከዱርቤቴ የማኅፀን በር ካንሰር ይዟቸው አዲስ አበባ የወረዱ እናቶች ወራት ሲጠብቁ ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው አዲስ መሣሪያ ገብቷል፤ ከአዲስ አበባ ውጭም ማዕከላት መከፈት ጀምረዋል። ይህ ሥራ ሊፋጠን እንደሚገባ በግልጽ እናገራለሁ። የተበጠሰን ክሮሞሶም ለበጎ የሚጠቀም ሕክምና ለጎጃም እናት ሩቅ መሆን የለበትም።

ያ ጸጥ ያለው ልውውጥ ወዴት ያደርሳል? እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር በያዛቸው ሰዎች ሴል ውስጥ አንድ ያለ ልክ ያጠረ ክሮሞሶም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠው የተገኘ መሆኑን አሳየች። ከልውውጡ የተነሣ ሁለት ዘረ መሎች በስሕተት ይቀጠሉና ሴሉን «ተከፈል» እያለ የማያቋርጥ ትእዛዝ የሚሰጥ ፕሮቲን ይሠራሉ። ይህን ፕሮቲን የሚያስቆመው ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን ዛሬ አለ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ክትትል የሚያደርጉ በሽተኞች ይወስዱታል። እንዲህ ያለ ልውውጥ ያለ ጨረራም ይመጣል፤ አብዛኛው በሽተኛ ጨረራ ያገኘው ሰው አይደለም። ጨረራ ግን ዕድሉን ያሰፋዋል። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ሂሮሺማ፣ ከሦስት ቀን በኋላም ናጋሳኪ ላይ ከተጣሉት ቦምቦች በተረፉት ሰዎች የደም ካንሰር ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ መብዛት ጀመረ፤ ሌሎቹ ካንሰሮች ከአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ዘግይተው መጡ። ባለሁለት ወገቦቹ በዓመታት ውስጥ ከደማቸው እየጠፉ ሄዱ፤ ትራንስሎኬሽኖቹ ግን ከአርባ ዓመት በኋላም እዚያው ነበሩ።

«ለልጅስ ይተላለፋል?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ዝንቡን ያየ ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። ከቦምቡ በኋላ በሁለቱ ከተሞች የተፀነሱ ከ70000 በላይ ሕፃናት ሲወለዱ ተመርምረዋል፤ ከተረፉት ወላጆች በተወለዱት ላይ ከሌሎች የሚለይ የዘር ጉዳት አልታየም። ክሮሞሶሙ በጣም የተሰበረ ዘር ከመጀመሪያው ፅንስ ስለማይሆን ወይም ስለማይጸና የሚወለደው በአብዛኛው ደኅናው ነው። ቦምቡ ሲወድቅ በእናታቸው ሆድ የነበሩት ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በተለይ ከስምንተኛው እስከ ዐሥራ አምስተኛው ሳምንት ላይ ከነበሩት ውስጥ ብዙ ጨረራ ያገኛቸው የአእምሮ ዕድገት ጉድለት ታይቶባቸዋል። ስለዚህ «ጨረራ ያገኘው ሰው ልጅ አይወልድም፣ አያገባም» የሚል ወሬ ብትሰሙ አትቀበሉት፤ ስለ እርጉዝ ሴት የሚነገረውን ጥንቃቄ ግን አጥብቃችሁ ያዙት።

ጨረራ ከእኛ ርቆም አያውቅም። የዓለም ሰው በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊ ሲቨርት ያህል ከተፈጥሮ ይቀበላል፤ ሲቨርት ማለት ግሬይን በገላ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የመዘነ መለኪያ ነው። ከፊሉ ከሰማይ ይመጣል፤ ዱርቤቴ ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ከምጽዋ ወይም ከጅቡቲ ይልቅ የሰማዩ ድርሻ ይበዛባታል። በሌላ በኩል የጎጃም ደጋ የቆመበት ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ከግራናይት ይልቅ ዩራኒየምና ቶሪየም የሚያንሰው ነው። ገላችን ራሱ፣ ከምንበላው ፖታሲየም የተነሣ፣ ትንሽ ጨረራ ይሰጣል።

አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 ሚሊ ሲቨርት አይበልጥም፤ ከተፈጥሮ በሁለት ሳምንት ከምናገኘው ጋር ይቀራረባል። ለሳንባ ነቀርሳ ወይም ለሳንባ ምች «ራጅ ተነሣ» የተባለ ሰው በጨረራ ፍርሃት እምቢ ቢል ራሱን በድሏል። የሆድ ሲቲ ስካን ግን 10 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ነው፤ መቶ የደረት ራጅ እንደማለት። አስፈላጊ ሲሆን ሕይወት ያድናል፤ «ገንዘብ አለኝ፣ ሙሉ ገላዬን እዩልኝ» ተብሎ የሚጠየቅ ነገር ግን አይደለም። ማሽኑ ሲጠፋ ኤክስሬዩም ይጠፋል፤ በክፍሉም፣ በተነሣው ሰው ላይም የሚቀር ነገር የለም። ባለሙያው ከመከለያው ኋላ የሚቆመው ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ እናንተ አንድ ጊዜ ስትነሡ እሱ ቀኑን ሙሉ ስለሚያነሣ ነው። በሕግ ለእርሱ የተፈቀደው በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት ነው።

አገራችን ጨረራን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት በአዋጅ ያቋቋመችው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ነው። ቁጥጥር ግን ከላይ ብቻ አይመጣም። ወገኖቼ፣ የተነሣችሁትን የራጅ ፊልም አትጣሉ፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያው ፎቶ ሁለት ጊዜ እንዳይነሣ ያደርጋል። እርጉዝ የሆነች ወይም የተጠራጠረች ሴት ከመነሣቷ በፊት ትናገር፤ ባለሙያውም ሳይጠይቅ አያንሣ። ከአሮጌ ብረት መካከል ክብደቱ ከመጠኑ ጋር የማይመጣጠን፣ በቢጫ ላይ ባለሦስት ክንፍ ምልክት ያለበት ዕቃ ያየ ሰው አይንካው፤ ልጆችን ያርቅና ለፖሊስ ያሳውቅ። ከሁሉ በላይ፣ የጨረር ሕክምና የጀመረ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ መሃል ላይ አቋርጦ እንዳይመለስ በስንቅም፣ በማደሪያም፣ በአጃቢም አግዙት። ሕክምናው በተቋረጠበት ሳምንት የካንሰሩ ሴሎች እንደገና ይራባሉ፤ እስከዚያ የተከፈለውም ዋጋ ከንቱ ሊሆን ይችላል።